ስም ሳልጠራ

«ቤት እንዳለሽማ አውቃለሁ፤ መኪናሽ ሲንጣጣ ይሰማኛል!»

ጡረተኛዋ አስተማሪ በሩን በጃንጥላዋ እጀታ ደበደበችው። ልብስ ሰፊዋ ከቤተ ክርስቲያን ከቀረች ሦስት ወር ሆኗታል። የጸሎት ቡድኑን የምትመራው አስተማሪዋ ናት፤ የጠፋ በግ ፍለጋ ከተባለማ የሚቀድማት የለም። ተግሣጹን ከነጥቅሱ አሰናድታ ነው የመጣችው።

የስፌት መኪናው ዝም አለ። በሩ ተከፈተ።

«ይግቡ፣ እትዬ።»

ልብስ ሰፊዋ ከወንበሩ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ አንስታ አስቀመጠቻትና ተመልሳ መኪናዋ ጋ ተቀመጠች።

«ምን ነካሽ ልጄ? ሥራ በዛብኝ እንዳትዪኝ ብቻ። ወይስ ዓለም ጣመሽ?» አለች አስተማሪዋ፣ በቀልድ ልትጀምር።

ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። «የእውነት አያውቁም?»

«ምኑን?»

«ልጄ አእምሮዋን ታማ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ለእርስዎ ብቻ ነበር የነገርኩት። እጅዎን ይዤ፣ አደራ ብዬ።»

«እኔስ መቼ ትንፍሽ አልኩ!»

«በቡድኑ ፊት ጸለዩላት እንጂ።»

«ስም ሳልጠራ! ልብስ እየሰፋች አንድ ልጇን ያሳደገች እህታችን ብዬ...»

አስተማሪዋ የገዛ ቃሏ ጆሮዋ ገባ። ቡድኑ ውስጥ ሌላ ልብስ ሰፊ የለችም።

«የልጄ እጮኛ እናት ከኋላዎ ተንበርክካ ነበር፤ አሜን ብላ ሄደች» አለች ልብስ ሰፊዋ። «በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ደውላ ሠርጉ ቀርቷል አለችን። ልጄ እኮ ድና ሥራዋን ጀምራ ነበር። አሁን ከዚያ መጋረጃ ኋላ ናት፤ ከቤት አትወጣም።»

አስተማሪዋ ክው አለች። ሠላሳ ዓመት ስትጸልይ ጸሎቷ ሰው ይጎዳል ብላ አስባ አታውቅም። የተዘጋጀችበት ጥቅስ ሁሉ ከራሷ ጠፋ።

«ወይኔ ጉዴ! ምነው ሦስት ወር ሙሉ ሳትነግሪኝ?»

«ማን መጥቶ ጠየቀኝ? ደግሞም ብነግርዎ ይጸልዩበታል ብዬ ፈራሁ።»

«ይቅር በዪኝ ልጄ።»

«እኔ ይቅር ብል ምን ይመለሳል፣ እትዬ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

የአስተማሪዋ ስልክ ጮኸ። የቡድኑ ጸሐፊ ነበረች፤ ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው። «አገኘሻት? ምንድን ነው ያስቀራት? ተሰብስበን እየጠበቅንሽ ነው፤ ንገሪንና እንጸልይላት።»

ልብስ ሰፊዋ መርፌው ላይ ክር ማስገባቷን አቆመች።

«ስለ እሷ የምነግራችሁ የለኝም» አለች አስተማሪዋ። «አደራ የተባልኩትን ምስጢር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቡድኑን ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ይምራ። የምትጸልዩ ከሆነ ለእኔ ጸልዩ፣ ስሜንም ጥሩ።»

ይህን ያለችው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ወደ መጋረጃው ዞራ ነው።