ኦዜላ ፕሩት አልበሟን የቀረጸችበት ሳምንት

ኦዜላ ፕሩትን የሜምፊስ ሰፈራችን ሰው የሚያውቃት ከመዘምራን መሃል ነበር፤ በሳምንቱ ቀናት ደግሞ ላውንደሪ ውስጥ ሸሚዝ ስትተኩስ። አራት ሸክላ አሳትማ አራቱንም የሰማቸው የለም። እኔ በምትቀረጽበት ስቱዲዮ ውስጥ ኦርጋን ተጫዋች ስለነበርኩ ምክንያቱን አውቃለሁ። አሳታሚያችን ሚስተር ሃልስተድ እንደ ኮረዳ እየተቅለሰለሰች እንድትዘፍን ይፈልጋል። እሷ ግን ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ ባሏ ሩቤንም ፈትቷት ሌላ አግብቷል።

ሐምሌ ላይ አንድ ሙሉ አልበም እንድትሞክር ተፈቀደላት። ካልሆነ በቃ ተባለ። በመጀመሪያው ቀን ተቀባይዋ ጉሮሮዋን ታመመች። ከበሮ መቺያችን ክሊዮተስ «የምትገጥም ድምፅ አውቃለሁ፣ ማን እንደሆነች ግን አትጠይቁኝ» ብሎ ወጣ። ከሰዓት በኋላ የሩቤንን አዲሷን ሚስት ቨርሊንን ይዞ ተመለሰ።

ኦዜላ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወለቀች። «ከከተማው ሴት ሁሉ ይቺን መረጥክልኝ?»

«ሌላ የለማ፣ እህት ኦዜላ።»

«እኔም ወድጄ አልመጣሁም» አለች ቨርሊን፣ ቦርሳዋን እንደያዘች። «ሩቤን ቢሰማ ይነጫነጭብኛል።»

«አሁንም ይነጫነጫል እንዴ?»

«ካልሲው በጠፋ ቁጥር።»

«አልጋ ሥር ነዋ ያለው።»

«ነገርኩት። እሱ መች ጎንበስ ይልና።»

ኦዜላ ሳቋን ልታፍን ሞከረች፤ አልሆነላትም። ቨርሊንም ቦርሳዋን አስቀመጠች።

የሚቀረጸው ዘፈን ባሏ ጥሏት የምታለቅስ ሴት ዘፈን ነበር። ኦዜላ ወደ እኔ ዞራ «ቅኝቱን ዝቅ አድርግልኝ፣ በራሴ ድምፅ ልዝፈነው» አለችኝ። ዝቅ አደረግኩላት። ከዚያ ማልቀሱን ትታ እየሳቀች፣ እየተቆጣች፣ ጣቷን እየቀሰረች ዘፈነችው። ቨርሊን ከጎኗ «አዎ፣ ንገሪው» እያለች ተቀበለቻት።

ሚስተር ሃልስተድ ከመስታወቱ ጀርባ በድምፅ ማጉያው «ይሄ እኮ የኀዘን ዘፈን ነው» አለ።

«አንተ ተፈትተህ ታውቃለህ?» አለችው ኦዜላ።

«ኧረ አላውቅም።»

«እንግዲያው ቁጭ በልና ስማ።»

ቁጭ አለ። በአራት ቀን አሥር ዘፈን ጨረስን።

መስከረም ላይ ሬዲዮው ያንን አልበም መልሶ መላልሶ ያጫውተው ጀመር። ሩቤን ፀጉር ቤት ተቀምጦ ዘፈኑ ቢጀምር የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፤ ግማሽ ጺሙን ብቻ ተላጭቶ ወጣ አሉ። ኦዜላ ላውንደሪውን ተሰናበተች። ሁለቱ ሴቶች አብረው ከከተማ ከተማ ዞሩ፤ ሩቤንም የኦዜላን ሁለት ልጆችና ከቨርሊን የወለዳቸውን ሁለቱን ይዞ ቤት ዋለ፣ ዓሣ መጥበስም ተማረ።

በሁለተኛው ዓመት ሜምፊስ ላይ ሲዘፍኑ አራቱን ልጆች አስከትሎ መጣ። ሲያበቃ ከመድረኩ ጀርባ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«እውነት እንደዛ ነኝ?» አላቸው።

ተያዩ። «ቀንሰንልህ ነው» አለች ኦዜላ፣ ወንበርም ሳበችለት።

ከዚያ በኋላ ስድስት አልበም አወጣች፤ አንዱንም ያለ ቨርሊን አልቀረጸችም።