አማትና ፍሬን

ዓለምነህ አማቱን ወይዘሮ ፋንታነሽን ከቢቸና ወደ ሞጣ ይዞ የወጣው ወዶ አልነበረም። የእህታቸው የልጅ ልጅ በማግስቱ ክርስትና ይነሣል፤ ሚስቱ ውቢት ደግሞ "እናቴን በአውቶቡስ ልታስጨንቃት ነው?" ብላ አፈጠጠችበት። ስለዚህ ለድግሱ የሚታረደውን በግ አሮጌዋ ፒካፕ ላይ ጭኖ፣ አማቱን ከጎኑ አስቀምጦ መንገድ ገባ።

ፋንታነሽ ለእሱ ያላቸውን ግምት ደብቀው አያውቁም። ደብረ ወርቅን እስኪያልፉ ድረስ የመኪናዋን መንጫጫት፣ የወንበሩን ሽታ፣ የእሱን አፍንጫ ሳይቀር ሲነቅፉ መጡ።

ቁልቁለቱ ላይ ዓለምነህ ፍሬን ረገጠ። ፔዳሉ ዝም ብሎ ሰመጠ። ደገመው፤ ወለሉን ነካ።

"እማማ፣ አጥብቀው ይያዙ። ፍሬን የለም።"

"ያንተ ነገር መቼ ሙሉ ሆኖ ያውቃል?" አሉና ፊቱን ሲያዩ ገባቸው። "ጊዮርጊስዬ! አቁምልኝ እንጂ ይህን ሰውዬ ዳግመኛ ክፉ ቃል ብናገረው ምላሴ ይቆረጥ!"

ማርሹን ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ ቀነሰው። ሞተሩ አጓራ፤ መኪናዋ ግን አልቆመችም። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ከተበጠሰ ከርሟል። ከመንገዱ ዳር የጤፍ ጭድ ክምር ሲያይ መሪውን ጠመዘዘና ሰተት ብሎ ገባበት።

ጸጥ አለ። በጉ ጭዱን ማኘክ ጀመረ።

"ያቆመን ጭዱ ነው፤ ጊዮርጊስ አይደለም" አሉ ፋንታነሽ ነጠላቸውን እያራገፉ። "ስለዚህ ስለቱ አይያዝብኝም። አንተ ድንጋይ ራስ!"

ዓለምነህ ኮፈኑን ከፍቶ የፍሬን ዘይቱን ማጠራቀሚያ አየ፤ ባዶ ነው። ከሥር ተንሸራቶ ገባ። ሦስቱ ጎማዎች ደረቅ ናቸው፤ የግራው የኋላ ጎማ ግን በውስጥ በኩል ርሷል።

ፋንታነሽ ጎንበስ አሉ። "በጉ ሸንቶበት ይሆናል።"

በጣቱ ነክቶ አሸተተ። "የበግ አይደለም።"

"ቀምሰህ አረጋግጥ።"

ጎማውን ሲፈታ ዘይቱን የምታግደው ትንሽ የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒዋ፣ ተቀድዳ አገኛት። መለወጫ የለውም፤ አንድ ጠርሙስ የፍሬን ዘይት ግን ከወንበሩ ሥር ነበረው። ወደዚያ ጎማ የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ በፒንሳ አጥፎ በድንጋይ ቀጥቅጦ ዘጋት። በቀሩት ሦስት ጎማዎች ፍሬን ቀስ እያሉ ሞጣ ይደርሳሉ። ጎማውን መልሶ አሠረ፤ ዘይቱን ሞላ። ፔዳሉ አሁንም ይሰምጣል። ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል፤ ለማስወጣት አንድ ሰው መርገጥ፣ ሌላው ከሥር ብሎን ማላላት አለበት።

"እማማ፣ እዚህ ይቀመጡና ስልዎት ይርገጡ።"

ቀሚሳቸውን ሰብስበው መሪው ፊት ተቀመጡ።

"ይርገጡ! እንዳይለቁ!" ብሎኗን ሲያላላት አረፋ የበዛበት ዘይት ፊቱ ላይ ተረጨ። አጠበቃት። "ይልቀቁ! ፊቴን አጠፋው!"

"እሰይ! ልድገመው?"

ወደዱት። በእያንዳንዱ እርግጫ አንድ ቂም ይጠሩ ጀመር። "ይሄ ሠርጉ ላይ ሰክረህ ለዘፈንከው! ይሄ ሳትመጣ ለቀረህበት ፋሲካ! ይሄ መምህር ልድራት ያሰብኳትን ልጄን ለነጠቅከኝ!" ዓለምነህ ከጎማ ጎማ እየዞረ ያላላል፣ ያጠብቃል። አረፋው እየቀነሰ ሄደ፤ ንጹሕ ዘይት ብቻ መውጣት ጀመረ።

"አሁንስ እምቢ አለኝ፤ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል" አሉ።

"ተሠራ ማለት ነው። እርስዎስ፣ የቀረ አለ?"

ፔዳሉን አንድ ጊዜ አጥብቀው ረገጡት። "ለጊዜው አልቋል መሰለኝ።"

ሞጣ ጀምበር ሳትጠልቅ ደረሱ። ድግስ ቤቱ በር ላይ አንዲት ዘመዳቸው ዓለምነህን ከእግር እስከ ራሱ አየችና "ይሄ በዘይት የተነከረ ማነው?" አለች።

"የእኔ ነው" አሉ ፋንታነሽ ክንዱን ይዘው። "ሕፃኑ ነገ ሜሮን ይቀባል፤ ይሄ ቸኩሎ ቀድሞት ተቀባ። ውኃና ሳሙና አምጡለት፤ ከዚያ ከእኔ ጎን ይቀመጣል።"