ብቻውን የቆመው በር

የካላዩ ታላቅ ወንድም ገብረትንሣኤ ሊሞት ሲያጣጥር «ቤቱ ለሚስቴ ለለተኪዳን ይሁን» ብሎ ተናዘዘ። ከካላዩ በቀር የሰማ አልነበረም። ከዚያ አንድ ደረቅ፣ ስንጥቅ ያለ ሳል ሳለና አረፈ።

ከአርባው በኋላ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ካላዩ የቤቱን በር በፊታቸው ገጭ አድርጎ ዘጋና ማለ።

«ወንድሜ ለሚስቱ ቤት አልተናዘዘም። ዋሽቼ ከሆነ የሰማዩ ደጅ እንዲህ ይዘጋብኝ!»

መሐላ ከወጣ ክርክር የለም። ለተኪዳን ነጠላዋን አጣፋች። «ፈራጁ አይቸኩልም» አለችና ወጥታ አፍንጮ በር ሰፈር የሰው ቤት ተከራየች።

ዓመታት አለፉ። ፒያሳ ሲፈርስ ያ ቤትም አብሮ ፈረሰ። ምትኩን ቤት ካላዩ በስሙ ተቀበለ።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ከጊዮርጊስ አስቀድሶ ሲወጣ እግሩ ወደ ድሮው ሰፈር ወሰደው። ጉም ወርዷል። ግድግዳው የለም፤ ጣሪያው የለም፤ አጥሩ የለም። በሩ ግን ከነመቃኑ ቆሟል፤ እንደተዘጋ።

«ጋሽ ካላዩ!» አለ ከፍርስራሹ ቆርቆሮ የሚለቅመው የቀድሞ ጎረቤቱ ባለሱቁ አብዱልመሊክ። «በርዎ ከእርስዎ ይልቅ ሰፈሩን ወዷል! ማሽኑ እንኳ ገፍቶ ገፍቶ ተወው።»

«የድሮ ሥራ ነዋ» አለ ካላዩ። ሊስቅ ሞከረ። በሩን ዞረው፤ ከጀርባው ጭቃ ብቻ ነው። ተመልሶ ከፊቱ ቆመ። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ አንኳኳ።

ከውስጥ ያ ስንጥቅ ሳል ተሰማ።

«ማነው?»

ካላዩ ወደ በሩ ተጠጋ። «እኔ ነኝ... ካላዩ።»

«አላውቅህም።»

«ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» አለ አብዱልመሊክ። አሁን አይስቅም።

ካላዩ ሮጠ። እያለከለከ አፍንጮ በር ደረሰ። የለተኪዳን በር ገርበብ ብሏል። እጁን አነሳና ማንኳኳት ፈራ። ስሟን ጠራ። ወጣች።

«ወንድሜ ቤቱን ላንቺ ተናዝዞ ነበር። በሐሰት ማልኩ። የምትኩ ቤት ቁልፍ ይኸው።»

ቁልፉን አልተቀበለችውም።

«እኔማ መቼ ጠፋኝ? ለማልክላቸው ሽማግሌዎች ንገር።»

«ሁሉም ሞተዋል።»

«እንግዲያማ ይሰሙሃል። ተናገር።»

ካላዩ ወደ ባዶው መንገድ ዞረ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ከኑዛዜው እስከ መሐላው አንድ ሳያስቀር ተናገረ።

ሲጨርስ ከለተኪዳን ቤት ውስጥ አንድ ሰው ያንኑ ስንጥቅ ሳል ሳለ። ለተኪዳን የምትኖረው ብቻዋን ነው።

ወደ ውስጥ ዘወር ብላ ጥቂት አዳመጠች። ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት።