ቅቤ የሌለበት ዶሮ

ፋንቱ ልጅ ሳለች ከጓዳ ግድግዳ ወዲያ የሰማችው ጨዋታ ነበር። እናቷና አንዲት ጎረቤት ነበሩ፤ ጎረቤቲቱ ማን እንደነበረች ዛሬ ጠፍቷታል። «እኔ ቤት አልበላም የሚል ልጅ እሷ ቤት ሲሄድ ድገሙኝ ይላል አሉ» አለች እናቷ። የፋንቱን ታናሽ ወንድምና አንዲት ሌላ ጎረቤት ማለቷ ነበር። ጎረቤቲቱ ሳቀችና አንድ ነገር መለሰች። መልሱን ፋንቱ አልያዘችውም። የያዘችው እናቷ ከዚያ በኋላ ንጹሑን ድስት እንደገና ስትፈገፍግ ያሰማችውን ድምፅ ነው።

ያ ነገር አርባ ዓመት ተኝቶ ከርሞ ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ላይ ተነሣባት። ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር። ወደዚያ የወሰደቻት የዚያው ወንድሟ ልጅ ሉሊት ናት። ሉሊት አየር መንገድ ትሠራለች፤ ባሏ ሱዳን ውስጥ በእርዳታ ድርጅት ተቀጥሮ ቤት የሚገኘው አንዳንዴ ነው። ልጃቸውን ሚጣን ከስምንት ወሯ ጀምራ ያሳደገቻት ፋንቱ ናት። አሁን ሚጣ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፋንቱን «እቴቴ» ትላታለች፤ የምትተኛውም ከእሷ ጋር ነው።

ሚጣ ሰውነቷ ደኅና አልነበረም። አንገቷና የክርኗ እጥፋት ላይ ቀይ ሽፍታ ይወጣል፣ ታክከዋለች፣ አንዳንዴ ደረቷ ያፏጫል። ሐኪሙ መርምሮ ወተት አይስማማትም አለ፤ ኦቾሎኒም እንዳትቀምስ። ሉሊት ከሐኪም ቤት እንደተመለሰች ጓዳ ገብታ ቆጠረችላት፦ ወተት፣ እርጎ፣ አይብ። «ቅቤም ይቅርባት እቴቴ፣ በዘይት ሥሪላት።»

ፋንቱ እሺ አለች። ወተቱንና አይቡን ከቤት አጠፋች። ቅቤው ላይ ሲደርስ ግን እጇ እንቢ አላት። ይህ ከኮሰረትና ከኮረሪማ ጋር በገዛ እጇ ያነጠረችው ነው፤ አተላው ወርዶ፣ አረፋው ተገፎ፣ እንደ ማር የጠራ። ይህን ከወተት የሚቆጥረው ሐኪም ቅቤ ሲነጠር አይቶ የማያውቅ መሆን አለበት። ልጅ ደግሞ ያለ ቅቤ በምን ይጠነክራል? በሚጣ ወጥ ላይ አንዲት ማንኪያ ጣል ታደርጋለች፤ ለሉሊት አትነግራትም።

በዚህ መሀል ሐሊና መጣች። የሐሊና አባት ሞምባሳ የቀረ ኢትዮጵያዊ ሾፌር ነበር፤ እሷም እዚያው ተወልዳ አድጋ ኤርፖርቱ ጎን ካለ የካርጎ መጋዘን ሥራ አገኘችና ከሉሊት ቤት ፊት ለፊት ተከራየች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በሺፍት ስለምትሠራ ቀን ቀን ቤት ትውላለች። አንድ ቀን ፋንቱ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሚጣን ለሁለት ሰዓት ተወችላት። ስትመለስ ልጅቷ እስከ አገጯ በእርድ ቢጫ ሆና ሩዝ ትበላለች።

«እቴቴ፣ ዶሮ ነው። ስፓይሲ አይደለም። አንቲ ሐሊና በናዚ ነው የሠራችው።»

«ናዚ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ኮኮናት እትዬ» አለች ሐሊና ከምድጃው ዘወር ሳትል። «ተፈቅፍቆ ይጨመቃል። በርበሬ የለውም፣ ምንም የለውም። ሞምባሳ ሕፃን የሚበላው ነው።»

ፋንቱ ድስቱን አየችው። ቀይ ያልሆነ የዶሮ ወጥ ከሕመም የተነሣ ሰው ይመስላታል። «ቆንጆ ነው» አለችና ሚጣን እጇን ይዛ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ሚጣ አንዳንድ ቀን ሐሊና ዘንድ ትበላለች፤ ቤት ምሳ በቀረበ ቁጥርም «የአንቲ ሐሊና ዓይነት ነው?» ማለት አመጣች። ፋንቱ ታጎርሳታለች። ሌሊት ደግሞ ስትጸልይ የጎረቤቱን ሰው በየስሙ ጠርታ ሐሊና ላይ ስትደርስ ታልፋታለች፤ ማለፏን እያወቀች ታልፋታለች። ጠዋት ደግሞ አንዷ ማንኪያ ሁለት ትሆናለች። ልጅቷ የእጄን ጣዕም ብትረሳ ነው ትላለች በልቧ፤ ቅቤው ያስታውሳታል።

ሽፍታው ባሰ። ሉሊት ግራ ገብቷት የበላችውንና የወጣባትን ቀን በቀን በማስታወሻ መያዝ ጀመረች። አንድ ማታ ማስታወሻዋን ዘግታ ፋንቱ አጠገብ ተቀመጠች።

«እቴቴ፣ ሐሊና ቤት የበላች ቀን ምንም አይወጣባትም። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም። ከሰኞ ጀምሮ ምሳዋን እዚያ ትብላ ብዬ ነው። አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ። ከፈለግሽ አገር ደርሰሽ ትመጫለሽ።»

ፋንቱ «ትመጫለሽ» የሚለውን አልሰማችም። የሰማችው «አገር» የሚለውን ብቻ ነው። ልጅ የማታበላ አክስት ሰው ቤት ምን ትሠራለች?

«እሷ እዚህ መጥታ ታሳየኝ» አለች። «የእሷን ወጥ እኔ እሠራዋለሁ።»

ቅዳሜ ከቀትር በፊት፣ ሉሊት ሥራ ላይ ሳለች፣ ሐሊና ሽንኩርቷንና ሁለት ኮኮናት ይዛ መጣች። ሚጣ ውጪ ገመድ ትዘላለች።

«ሳሳ፣ በይ እትዬ፣ እንጀምር። የተዘጋጀ የካሪ ዱቄት አልገዛም፤ ምን እንደደባለቁበት አይታወቅም። ከሙን፣ ድንብላል፣ እርድ፣ በቃ። ራሴ ነው የምፈጨው።»

«ሽንኩርቱ አልበሰለም።»

«አይጠቁርም፣ ወርቃማ ሲሆን ይበቃዋል።»

«እኛ አገር ይሄ ጥሬ ነው የሚባለው።»

«እናንተ አገር ሽንኩርቱ እስኪበስል ሰርግ ያልፋል አሉ» አለች ሐሊና። ፋንቱ ሳቋ ሊመጣ ሲል ያዘችው።

ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ ገባ፤ ዶሮው ገባ፤ እርዱ ሁሉንም አለበሰው። የኮኮናቱ ጭማቂ ሲፈስበት ረጋ ብሎ ይንተከተክ ጀመር። ፋንቱ ቀመሰች። ለስላሳ ነው፤ ክፉ ስም አይወጣለትም። ያናደዳትም እሱ ነው። ሐሊና እጇን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ዞር ስትል ፋንቱ የቅቤውን ዕቃ ከፍታ ሞላ ያለ ማንኪያ ድስቱ ውስጥ ጣለች። የእኔም እጅ ይኑርበት፤ ሚጣ የቤቷ ይበልጣል ትበል።

ሐሊና ሳትዞር አሸተተች።

«ኮሰረት ነው?»

ፋንቱ የቅቤውን ዕቃ ከደነች።

«እትዬ ፋንቱ። ይሄ ቅቤ አይደለም እንዴ?»

«የተነጠረ ነው። ወተት የለበትም።»

«ከወተት ነው የወጣው። ብታነጥሪው ብታጠሪው የሚቀር ነገር አለ፤ እሷን የሚያሳክካት ያ ነው። እናቴ ወንድሜን በዚህ ልትገድለው ነበር።» ሐሊና እሳቱን አጠፋች። ድምፅዋ ወረደ። «ስንተኛ ጊዜሽ ነው?»

ፋንቱ ለመዋሸት አፏን ከፈተች። ከውጪ ሚጣ ገመዷን አቁማ ስታስል ሰማች፤ ካስለች በኋላ ትንፋሿ ፉጨት አለው። ያን ፉጨት ፋንቱ ስንት ሌሊት ጆሮዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰምታዋለች፤ ስንት ሌሊት እያለቀሰች ጸልያበታለች።

«በየቀኑ ነው» አለች። «አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ሁለት ሁለት።»

«እኔ ከመጣሁ?»

«ያንቺን ወደደችዋ።»

ሐሊና ድስቱን አንሥታ ያን ሁሉ ወጥ ባልዲ ውስጥ ደፋችው። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ልንገርሽ» አለች። «እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ሚጣ ‹ያንቺ ይጣፍጣል› ስትለኝ ሆን ብዬ ‹የእቴቴስ?› እላት ነበር። ዳግመኛ እንድትለው።»

ፋንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ትክ ብላ አየችው። የምትቆጣበት ነገር ስታጣ ተቀመጠች።

«ለሉሊት እንዳትነግሪያት» አለች። «አገሬ ትልከኛለች። ይቺን ልጅ ከነሳችኝ…»

«እኔ አልነግራትም። የምትነግሪያት አንቺ ነሽ። ያቺ ሴት በየቀኑ ትጽፋለች እኮ እትዬ፤ ለሐኪሙ ልታሳየው ነው። ሌላ በሽታ ይፈልጉባታል፣ ልጅቷን መርፌ በመርፌ ያደርጓታል።»

«ብትልከኝስ?»

«እሱን አላውቅም።»

ፋንቱ በልቧ የምታውቀውን አጭር ጸሎት ጀምራ ይቅር በለን የሚለው ላይ ቆመች፤ ከዚያ ወዲያ አልሄድ አላት። ውጪ ገመዱ እንደገና መሬቱን መምታት ጀመረ።

«አዲስ ዶሮ ይገዛል» አለች ሐሊና እየተነሣች። «ድስቱን እኔ ቤት ካለው እንለውጥ። ሉሊት ስትመጣ ከጎንሽ ልሁን?»

«አይ። አንቺ ፊት አልናገረውም። አንቺ ልጅቷን ወስደሽ አብያት።»

«ዛሬ ነው ግን። ነገ አይባልም።»

«እሺ» አለች ፋንቱ። «ዛሬ። ገና በሩን ከፍታ ስትገባ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ እነግራታለሁ።»