መስኮት ቁጥር አራት

ብስክሌት ጠጋኙን ሰፈሩ «ጋሽ ካቴና» ይለዋል፤ አንዴ የያዘውን ነገር አይለቅም ለማለት ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ጎማ ሲለጥፍ ኖሮ፣ አንድ ቀን ብድግ ብሎ «የብስክሌት ውድድር ሳላዘጋጅ አልሞትም» አለ። ደንበኞቹ ሳቁበት። እሱ ግን የልብ ልብ የሚሰጠው ነገር ነበረው። የመጨረሻ ልጁ የምትሠራው በከተማው ትራፊክ ጽሕፈት ቤት፣ የውድድር ፈቃድ በሚሰጥበት መስኮት ቁጥር አራት ላይ ነው።

«ፈቃዱ ኪሴ ገብቷል በሉት» አለ።

ሰኞ ጠዋት የክት ሸሚዙን ለብሶ፣ ሰልፉን ጥሶ መስኮቷ ላይ ተደገፈ።

«እንዴት አደርሽ፣ የኔ ልጅ?»

«ደህና። ከእርስዎ በፊት አሥራ አንድ ሰው አለ፤ ተራዎን ይጠብቁ» አለችው፣ ቀና ብላም ሳታይ።

አዝሎ ያሳደጋት ልጅ «እርስዎ» ስትለው ጆሮው ጭው አለ። ተራው ሲደርስ ደግሞ ማመልከቻውን ከዳር እስከ ዳር አነበበች። የመንገዱን ካርታ ያረጀ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ነበር የሳለው።

«ርቀቱ አልተጻፈም። የአምቡላንስ ደብዳቤ የለም። መንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት አልተገለጸም። አሟልተው ይምጡ።»

«ይሄ ሁሉ ለሠላሳ ብስክሌት?»

«ለአንድም ቢሆን። ቀጣይ!»

ማታ ራት ላይ «አባዬ፣ ጨው አቀብለኝ» አለችው።

«አሁን ነው አባዬ?» ብሎ ጨውን ወደ ራሱ ሳበ። ሚስቱ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አባዬ፣ እዚያ የሚሰለፈው ሁሉ የሆነ ሰው አባት ነው» አለች ልጅቱ፣ እጇን ዘርግታ ጨውን እያነሣች።

ጋሽ ካቴና የጎደለውን ሁሉ አሟልቶ በሳምንቱ ተመለሰ። ልጁ ምሳ ወጥታ ነበርና መስኮቱ ላይ ባልደረባዋ ተቀምጧል።

«የእሷ አባት ነዎት? ታዲያ ምን ያሰልፍዎታል!» አለና ከስሙ ሌላ ሳያነብ ማኅተሙን አሳረፈበት።

ወረቀቱን እያውለበለበ ሲወጣ ደረጃው ላይ ከልጁ ጋር ተገጣጠሙ። ተቀብላው እዚያው ቆማ አነበበች።

«ይሄን ያነበበው ሰው የለም» አለችና በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችው።

«ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?» ድምፁ ተሰበረ።

ክንዱን ያዝ አደረገችው። «አባዬ፣ ሐሙስ ዕረፍት ነኝ። መንገዱን አብረን በእግራችን እንየው።»

«እንደ መዳፌ የማውቀውን መንገድ?» አለ። ሐሙስ ጠዋት ግን ከእሷ ቀድሞ ጫማውን አስሮ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

የውድድሩ መድረሻ የወሊድ ሆስፒታሉ ያለበት ቀጥ ያለ ጎዳና ነው። ልጅቱ በሩ ፊት ለፊት አስቆመችው። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አንድ አምቡላንስ ወጣ፣ አንድ ገባ። ከኋላው አንድ ታክሲ ጥሩንባውን እያምባረቀ መጣ፤ ከኋላ ወንበር የሴት ጩኸት ይሰማል። ሆስፒታሉ ሌላ መግቢያ የለውም።

ጋሽ ካቴና በሩን እያየ «እናትሽን እዚህ ያመጣኋት በብስክሌት ነው» አለ። «አንቺ ልትወለጂ። ከኋላዬ ሆና ጀርባዬን ነክሳኝ ነበር። ያን ቀን አንዱ ገመድ ወጥሮ ቢያቆመኝ ኖሮ እሱን ገድዬ ነበር የምገባው።»

ካርታውን አወጣና ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መድረሻውን ሰረዘ። ውድድሩን በአሮጌዎቹ መጋዘኖች በኩል አዙሮ ዳገቱ አናት ላይ ጨረሰው።

ሰኞ አሥራ ሰባተኛ ሆኖ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀ።

«እንደምን አደሩ? እርስዎን ለማስቸገር ነው የመጣሁት።»

ልጅቱ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች። አነበበች፣ ገለበጠች፣ እንደገና አነበበች። ከዚያ ማኅተሙን አነሣች።

እሑድ ሃያ ስምንት ብስክሌተኞች ተነሡ። አንደኛ የወጣው የሰፈሩ ዳቦ አመላላሽ ነው። የቀሩት ዳገቱ ላይ ተንጠባጠቡ፤ ሦስቱ ወርደው እየገፉ መጡ። ጋሽ ካቴና አናቱ ላይ ሆኖ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮኻል። ልጁ ከእናቷ ጋር ዳገቱ መሐል ቆማ ውሃ ታድላለች።

ከሚገፉት አንዱ ፊቱ ቲማቲም መስሎ አጠገቧ ደረሰ። «እዚህ ዳገት ላይ ጨርሱ ያለን የማነው እብድ?»

«አባቴ ነው» አለችና ውሃውን ሰጠችው።

ሰውየው አፍሮ ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ። እሷም ብስክሌቱን ከኋላ እየገፋችለት አብራው ወጣች።