የጀሚል ዋፍል

ሊጡ ብረቱ ላይ ተጣበቀ። ራዊያ በቢላ ጫፍ ፍቃ ልታነሳው ብትሞክር ግማሹ ከላይኛው ክዳን፣ ግማሹ ከታችኛው ጋር ቀረ።

«ተይው አንቺ፣ ለቅሶ ቤቱ ምግብ ሞልቶታል» አለች ጎረቤቷ ዘነበች፣ ከሰሉን እያራገበችላት።

«እማዬ ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመሱም።»

እማዬ የምትለው አማቷን ሰይዳን ነው። ልጃቸው ጀሚል፣ የራዊያ ባል፣ ከዋጃ ወተት ይዞ ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሰይዳ ከፍራሽ አልተነሱም። የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ «አብሽሩ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥዎት» ይላል፤ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ራዊያንም አላናገሯትም። ዛሬ ጠዋት ሾርባ ስታቀርብላቸው ብቻ «የሱን ነው የምፈልገው» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እሷ ወዲያው ገባት።

ጀሚል ጅዳ ውስጥ የሆቴል ምግብ አብሳይ ነበር። ከሳዑዲ ተባሮ ቆቦ ሲገባ ሻንጣው ውስጥ ከልብሱ ሌላ የተገኘው ይኸው የዋፍል ብረት፣ በሁለት ክዳኑ መሃል ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ጣፋጭ ቂጣ የሚጋገርበት ነው። «የሰው ልጅ ወርቅ ይዞ ይገባል፣ የኔው ብረት!» ብለው ሰይዳ አኮረፉ። መብራት በጠፋበት ቀን ከሰል ላይ ጥዶ የጋገረውን ሲያቀምሳቸው ግን፣ በየጉድጓዱ የተጠራቀመውን ማር አዩና፣ «ይሄስ ቀፎ ነው» ብለው ሌላ አስደገሙ። ከዚያ ወዲያ መናኸሪያው አጠገብ ቤት ከፍቶ ይሸጥ ጀመር። አርብ ከጁምዓ ሲመለስ ደግሞ ለቤቱ ይጋግራል። ራዊያ ልታግዘው ስትነሳ «ሳምንቱን ሙሉ ደንበኛ ስታስተናግጂ ቆመሽ ከርመሻል፣ ተቀመጪ» ይላታል። እሷም ተቀምጣ ታየው ነበር። በእጇ ሠርታው አታውቅም።

ከውስጥ የሰይዳ ታናሽ እህት የሀናን ድምፅ ተሰማ። «ልጅ እንኳ አልወለዱም። የአራት ወር ከአሥር ቀን ኢዳዋን ስትጨርስ ጎብዬ ያለች እናቷ ዘንድ ነው የምትገባው። እህቴ ብቻዋን ቀረች በሉት።»

ዘነበች ራዊያን አየቻት። ራዊያ እንዳልሰማች ሆና ሌላ እንቁላል ሰበረች። አስኳሉን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ። አሁን ነው ትዝ ያላት፤ ጀሚል ነጩን አረፋው ቀጥ ብሎ እስኪቆም በሹካ ይመታው ነበር። ክንዷ እስኪዝል መታችው። ዱቄቱን፣ ጨዉን፣ ወተቱንና የቀለጠውን ቅቤ ከአስኳሉ ጋር አዋህዳ አረፋውን በቀስታ ጨመረችበት። ብረቱን በሁለት ወገን አግላ፣ ዘይት ቀብታ፣ ሊጡን አፈሰሰችና ዘጋችው። ዘነበች ልትከፍት እጇን ስትሰድ «እንፋሎቱ ወጥቶ ይለቅ» አለቻት።

ስትከፍተው በራሱ ለቀቀ፤ ጠርዙ ቀልቷል።

ማር አፍስሳበት ይዛ ገባች።

«በሐዘን ቤት ጣፋጭ?» አለች ሀናን።

«አንቺ ዝም በይ» አሉ ሰይዳ። ተነሥተው ተቀመጡ። ቆርሰው ጎረሱና ቀስ ብለው አኘኩ።

«ጨው በዝቶበታል።»

«አዎ እማዬ።»

«እሱ አያበዛም ነበር።» ሌላ ቆረሱ። «ነገ ስትሠሪ ቀንሺ። ከነገ ወዲያም፣ ለከርሞም እዚሁ ነሽ፤ ትለምጂዋለሽ።»

ሀናን አንገቷን ደፋች። ራዊያ ሳህኑን ልትቀበል ጎንበስ አለች። ሰይዳ ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጓትና አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው፣ ግንባሯ ላይ የደረቀውን ሊጥ ጠረጉላት።