ከአስፋልቱ ማዶ

ውዴ ወንዝ አትፈራም ነበር። መተማ ቆላ ያደገ ሰው ጓንግ ሲሞላ ዳሩ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያውቃል፤ ውሃ የቱንም ያህል ቢቆጣ ውሎ አድሮ ይጎድላል። ሱዳን ያለው የገዳሪፍ አስፋልት ግን፣ እናንተዬ፣ አይጎድልም። ማሽላ የጫነው ሎሪ አለፈ ስትሉ ከጦርነት የሸሸ ሰው ያጨቀው አውቶቡስ ይመጣል። እሱ አለፈ ስትሉ ባለሦስት እግሩ ረክሻ እንደ ተርብ ጥዝዝ እያለ ይደርሳል። መንገድ ከመንገድ የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ መብራት የለ፣ ትራፊክ ፖሊስ የለ። ድሮ ነጭ መስመር ተቀብቶበት ነበር ይላሉ፤ ጎማው ልሶታል።

ሐኪም ቤቱ እንግዲህ ከዚያ አስፋልት ማዶ ነው። ልጇ መክሊት እዚያ ተኝታለች። መክሊት ካርቱም ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ሕፃኗን ሃናን ይዛ ገዳሪፍ ገባች፤ ሳትሰነብት ሆዷን አመማትና ወደቀች። ውዴ ይህን ሰምታ ነው ድንበር ተሻግራ የመጣችው።

ከመጣች ጀምሮ ለልጇ ምግብ ይዛ አስፋልቱን ትሻገራለች። ሃናን ግን አንድ ቀን አሻግራት አታውቅም። "እኔን ይድፋኝ እንጂ አንድ ፍሬ ልጅ ለዚህ አውሬ አልሰጥም" ትልና፣ መንገዱ ዳር ሻይ ከምትሸጠው ከኢንቲሳር ዘንድ ትተዋታለች። ኢንቲሳር ሱዳናዊት ናት፤ ለእርሻ ሥራ ለሚመጡት ለእኛ ሰዎች ሻይ ስትቀዳ ኖራ አማርኛ ለምዳለች።

ሃና ግን አማርኛ የላትም። የጎረቤት ልጆች እንዳይስቁባት ብላ እናቷ በዐረብኛ ነው ያሳደገቻት። ያን የመጀመሪያ ቀን ልጅቱ "ሐቦባ" ብላ ስትጠራት፣ ውዴ "አበባ አለችኝ! በዚህ ዕድሜዬ፣ አበባ!" እያለች ደስ ብሏት ዋለች። ኢንቲሳር ናት ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ "አያቴ ማለቷ ነው ሐጃ! የምን አበባ አመጣሽ!" ያለቻት፤ በዕድሜ የገፋችን ሴት ሁሉ ሐጃ ነው የምትለው።

ዛሬ ሳቅ የለም። መክሊትን ሆዷን ቀደው ሊያክሟት ነው። ትናንት የእናቷን እጅ ይዛ፣ "እማዬ፣ ሳይወስዱኝ ልጄን አሳዪኝ። ከዚያ ብነሣም ባልነሣም…" ስትል፣ ውዴ አፏን በመዳፏ ከደነችባት። "አመጣታለሁ። ነገ በጧት አመጣታለሁ" አለቻት።

ይኸው ጧት ሆኗል፤ ውዴም የሃናን እጅ ጨብጣ አስፋልቱ ዳር ናት። እግሯን ታወርዳለች፣ ጥሩምባ ይጮኽባታል፣ ትመልሳለች። ደግሞ ታወርዳለች፣ ደግሞ ትመልሳለች።

"አንተ! እናት የለህም!" አለችው አንዱን ሎሪ። ሎሪው አቧራውን አልብሷት ሄደ።

"ሐጃ፣ እንዲህ አይሆንም" አለች ኢንቲሳር ከሻዩ ላይ ቀና ብላ። "የውሃ ጋሪ እስኪመጣ ጠብቂ። ለሰው አይቆሙም፣ ለአህያ ግን ይቆማሉ።"

"ምነው፣ ከሰው አህያ በለጠባቸው?"

"አህያ ባለቤት አለው።"

ውዴ ጋሪው ይመጣል ብላ ዓይኗን ከመንገዱ ጫፍ ተከለች። "ይወስዷታል፤ ሳታያት ይወስዷታል" ትላለች ለራሷ። ሃና ቀና ብላ ታያታለች፣ ምን እንደምትል አታውቅም።

በስንት ጭንቅ አንድ አህያ የውሃ በርሜል እየጎተተ ደረሰ። ባለጋሪው አለንጋውን ወደ ላይ ሲያነሣ፣ እውነትም ሎሪው ፍሬን ያዘ። ውዴ "ማርያም፣ ማርያም" እያለች ልጅቱን ይዛ ከጋሪው ጥግ ገባች።

መኻል ላይ የሃና ሸበጥ ወለቀ። ልጅቱ ልታነሣ ጎንበስ ስትል በላብ የራሰች ትንሽ እጇ ከአያቷ እጅ ሙልጭ ብላ ወጣች። ውዴ ዞር ብትል ጥሩምባ ጮኸ፤ ከማዶ ሰው ክንዷን ይዞ ወደ ዳር ጎተታት። ጋሪው አልፏል። ሃና መንገዱ መኻል ቁጢጥ ብላ ሸበጧን ትስባለች፤ በግራዋም በቀኟም መኪና ይበርራል።

ልብ በሉልኝ፣ እዚያው ብትቆይ ምንም አትሆንም ነበር። ውዴም የታያት ይኸው ነው። አትንቀሳቀሺ፣ ካለሽበት ንቅንቅ አትበይ ልትላት፣ ነፍሷ እስኪወጣ ጮኸች።

"ቁሚ! ሃንዬ፣ ቁሚ! ቁሚ!"

ሃና ቀና አለች። አያቷን አየቻት። ብድግ ብላ ወደሷ ሮጠች።

ረክሻ መታት።

ባለረክሻው አደም ይባላል። ወላጆቹ ድሮ ከአገር ተሰደው ኡም ጋርጉር መጠለያ ነው የወለዱት፤ ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል። ዘሎ ወርዶ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

"እማማ! ቁጭ ብላ እያየኋት፣ በጎን ላልፋት መሪዬን አዙሬ! ምነው ተነሺ ይሏታል!"

"እኔ? እኔ ቁሚ አልኋት እንጂ!"

"እሱን እኮ ነው የምልዎ! በዐረብኛ ጉሚ ማለት ተነሺ ነው፤ ተነሥተሽ ሂጂ። ልጅቱ ምን ታድርግ? ያሏትን ሰማች።"

ውዴ አስፋልቱ ላይ ዘጭ አለች። "ምላሴን" አለች፣ "ምነው ምላሴን በቆረጠው።"

የሃና ዓይን ተገልጧል፤ እግሯ ከጉልበቷ በታች ወደማይሆን ወገን ዞሯል። አታለቅስም። ድምፅ የሚባል አይወጣትም። አደም አቅፎ ረክሻው ላይ አስገባት፤ ውዴን በክንዷ ስቦ ጫናት። ሐኪም ቤቱ በር እስኪደርሱ ውዴ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "እናቷ ትጠብቃለች። ሳይወስዷት፣ እናቷ ትጠብቃለች።"

ልጅቱን ተቀብለው ወደ ውስጥ አስገቧት። አደም፣ "እኔ ከአጠገቧ አልለይም። እርስዎ ወደ እናትየዋ ይሂዱ" አላት። ውዴ ሄደች፤ እግሯ እየሄደ አንገቷ ወደ ኋላ ቀረ።

መክሊትን ባለጎማው አልጋ ላይ አስተኝተዋታል። ሠራተኛው አልጋውን ሊገፋ ይዞታል።

"እማዬ፣ ልጄስ?"

"አምጥቻታለሁ።"

"የታለች?"

"እዚሁ ናት። ግቢው ውስጥ።"

"ታዲያ ለምን አትገባም? ቀሚስሽስ ምን ነካው?"

ውዴ ነጠላዋን ስባ የሃናን ደም ከለለችው። ዕድሜ ልኳን ልጅ ስታባብል የኖረች ሴት፣ በዚያች ሰዓት አንዲት ውሸት አጣች።

ያኔ ከወዲያኛው ክፍል ጩኸት ተነሣ። የሃናን እግር እያቃኑት ነው። "ዩማ! ዩማ!" ትላለች፤ እናቴ ማለቷ ነው።

መክሊት ከአልጋው ልትነሣ ስትል ሠራተኛው ትከሻዋን ያዛት። "ምን ሆነች?"

"ረክሻ መታት። እኔ ነኝ ልጄ… በእኔ አፍ ነው…"

"ነፍሷ አለች?"

"ትጮኻለች፣ አትሰሚም?"

"ትጩህ" አለች መክሊት፣ እንባዋ በጆሮ ግንዷ እየወረደ። "አታባብሏት። እበሩ እስክደርስ ልስማት።"

ሠራተኛው አማርኛ አያውቅም፤ ግን አልጋውን ቀስ አድርጎ ገፋው። ውዴ የልጇን እጅ ይዛ ከጎን ከጎኑ ሄደች። "ዩማ!" ይላል ድምፁ ከኋላቸው፣ "ዩማ!" የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ዘንድ ሲደርሱ እጇን ከልጇ እጅ አላቀቁት።

በሩ ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶም የሃና ድምፅ ቀጥ አለ። ያስተኟት ይሁን፣ ሌላም ይሁን፣ የሚነግራት ሰው በመተላለፊያው የለም። ውዴ ነጠላዋን ሰብስባ ድምፁ ወደጠፋበት ሮጠች።